ከመስመሩ ወዲህ የተዘጋው መሳቢያ

ላማር ጋስኪንስ የተገኘው በፒካፑ መሪ ላይ እንደተደፋ ነበር። መኪናው ሰሜንና ደቡብ ካሮላይናን ከሚለየው የመንገድ ዳር ምልክት ጥቂት ወዲህ፣ በሰሜኑ ወገን፣ ከአስፋልቱ ወጥቶ አፍንጫውን ቦይ ውስጥ ቀብሯል። ጥይቱ በቀኝ ብብቱ ሥር ገብቷል። ሽጉጡ የራሱ የሟቹ ነው፤ አንድ ጥይት ጎድሎታል። የተገኘው ግን በእጁም፣ በወለሉም፣ በቦዩም አይደለም። በጋቢናው ፊት ባለው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ፣ ክዳኑ በወጉ ተዘግቶበት ነበር።

መርማሪ ኔዲን ሃክስ ክዳኑን ከፍታ አየች። ገዳይ መሣሪያውን ረግረግ ውስጥ ይወረውራል፣ ወይም ይዞት ይሄዳል፤ ብልጥ ከሆነም ለሟቹ ያስይዘዋል። ዕቃ ወደ ቦታው የሚመልስ ገዳይ ግን እስከዛሬ አልገጠማትም።

ሸሪፍ ዶይል በበኩሉ ነገሩ የተፈታ መስሎታል። የአባታቸውን የትንባሆ እርሻ ሲካፈሉ ላማርና ታናሽ ወንድሙ ቶልበርት መጣላታቸውን፣ ቶልበርትም በሰው ፊት «አንድ ቀን እደፋሃለሁ» ማለቱን አገር ያውቃል። ያን ቅዳሜ ረፋድ የት እንደነበረ ሲጠየቅ ብቻዬን ዓሣ ሳጠምድ ነበር አለ። ዓሣዎቹ አይመሰክሩ ነገር፣ ታሰረ። ከሳምንት በኋላ ሰኞ ዐቃቤ ሕጉ በነፍስ ግድያ ሊከሰው ነው።

«ሽጉጡስ?» አለች ኔዲን። «ለምን መሳቢያ ውስጥ ገባ?»

«ቶልበርት የሚኖረው በደቡብ ነዋ። እጁ የለመደበት ሄደ» አለ ሸሪፉ።

ይህ እንዲያው የተወረወረ ነገር አልነበረም። በዚያ ዘመን ከመስመሩ ወዲያና ወዲህ ሕጉ እንደ ተጣላ ባልና ሚስት ተቃራኒ ነበር። ፈቃድ የሌለው ሰው በመኪናው ሽጉጥ ከያዘ፣ በሰሜን ዳሽቦርድ ላይ በግላጭ ያስቀምጠዋል፤ መሳቢያ ውስጥ ከከተተው ደበቅህ ተብሎ ይከሰሳል። በደቡብ ደግሞ በተዘጋ መሳቢያ ወይም በኋላ ሻንጣ ውስጥ ካልሆነ ጣጣ ነው። ፈቃድ ያወጣ ሰው ይህ ሁሉ አይነካውም። ላማር ግን «የራሴን ዕቃ ልይዝ ብዬ ወረቀት አልለምንም» ብሎ ግትር ያለ ሰው ነበር። ግትርነቱን ያህል ሕግ አክባሪ ስለነበረ፣ ወደ ደቡብ ሲሄድ ከመስመሩ በፊት ያለችው ማደያ ቆሞ ሽጉጡን ወደ መሳቢያ ይከታል፤ ሲመለስ አውጥቶ ዳሽቦርዱ ላይ ያኖረዋል። የማደያዋ ሰዎች «ላማር ሽጉጡን ሊያስተኛ መጣ፤ ላማር ሊቀሰቅስ መጣ» እያሉ ይሥቁበት ነበር።

ኔዲን የጋቢናውን ወለል ጎንበስ ብላ አየች። የተቀቀለ ኦቾሎኒ ተበትኖበታል፤ ጥቂቱ ከነቅርፊቱ በጫማ ተደፍጥጧል። ላማር የራሱን ቅርፊት ያጠራቀመበት የወረቀት ኩባያ ግን ከጎኑ እንደተቀመጠ ነው። መኪናው ዝግ ብሎ ነው ቦይ የገባው። ስለዚህ ኦቾሎኒው የተበተነው ቀደም ብሎ፣ አንድ ሰው ጋቢና ተቀምጦ ሳለ ነው።

ከዚያ ማደያዋ ደረሰች። ገንዘብ ተቀባይዋ ኦፓሊን ላማር ቅዳሜ ሳይቆም ማለፉን ነገረቻት።

«ፀሐዩ መስታወቱ ላይ ስለነበረ ውስጡን አላየሁም» አለች። «እጄን አውለበለብኩለት፤ ጥሩንባ ነፋልኝ። ‹ዛሬ ደግሞ ሕጉ ተለወጠ እንዴ?› ብዬ ሣቅሁ። አሁን ሳስበው ያመኛል።»

ሕጉ አልተለወጠም። ሽጉጡን የሚያስተኛለት ሰው አብሮት ነበር።

የሟቹ ሚስት ቨርሊን ከኔዲን ጋር በአንድ የመዘምራን ቡድን የቆመች ናት። ለሐዘን የመጣው ምግብ ጠረጴዛውን ሞልቶት፣ እሷ ግን አንዱንም አልነካችም። ስለ ቶልበርት ስትጠየቅ አንገቷን ደፍታ፣ አፉ ክፉ ነው እንጂ ዶሮ ማረድ እንኳ የሚጨንቀው ሰው ነው አለች።

«ላማር እየነዳ ሽጉጡን ‹አስገባልኝ› የሚለው ማንን ነው?» አለች ኔዲን።

«ማንንም! እኔን እንኳ አያስነካኝም፤ ‹አንቺ አልተማርሽም› ይለኛል።» ቨርሊን ትንሽ አሰበች። «እሱን ራሱን ተኩስ ያስተማረውን ሰው ካልሆነ በቀር።»

ኔዲን ማስታወሻዋን አጠፈች። ያስተማረውን ሰው ታውቀዋለች፤ እሷንም ያስተማራት እሱ ነው።

ሚስተር ኮይ ዋርድ በወረዳው ፖሊስነት አርጅተው ጡረታ የወጡ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የመሣሪያ አያያዝ የሚያስተምሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። ቤታቸው ከማደያዋ ወዲህ፣ በዚያው መንገድ ዳር ነው። ኔዲን ስትደርስ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ባርኔጣቸው ራሳቸው ላይ ሳይሆን ቀኝ እጃቸው ላይ ተደፍቷል።

«ቅዳሜ ረፋዱን የት ነበሩ፣ ሚስተር ኮይ?»

«ሱቅ ደርሼ መጣሁ።»

«በመኪናዎ?»

«ታዲያ በዚህ ጉልበቴ በእግሬ ልሂድልሽ፣ ልጄ?»

መኪናቸው ከጎን ዳሱ ሥር ቆሟል። ሣሩ ጎማዎቹን ውጦ በቅሏል፤ አንዲትም ዘለላ አልተረገጠችም። ኔዲን ሣሩን አየች፤ ባርኔጣውንም አየች። ከዚያም የሰው ገመና ድንገት እንዳየ ሰው ፊቷን ወደ ትንባሆው ማሳ መለሰች። እንዲህ ስታደርግ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። በፋሲካው ምሳ ላይ ሚስተር ኮይ ሻያቸውን እጀ ጠባባቸው ላይ ሲያፈሱ አይታ፣ በመስኮት የሚያስደንቅ ነገር ያየች መስላ ነበር። ያን ጊዜ ጨዋነት መስሏት ነበር። አሁን አፈረችበት።

በሳምንቱ እሑድ ከጸሎት በኋላ ሰዎቹን አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቨርሊን፣ ኦፓሊን፣ ሸሪፉ፣ እጁ በካቴና የታሰረው ቶልበርት፣ በጠረጴዛው ጫፍም ሚስተር ኮይ። ቦርሳዋ ውስጥ ጥይት የሌለው ሽጉጥና በመሳቢያው ፈንታ የሚሆን ትንሽ ካርቶን ነበረ። ‹እስቲ እንደ ትምህርቱ ያስገቡልን› ብላ በሰው ፊት ልታስፈትናቸው ነበር ሐሳቧ። ሽማግሌው ከወትሮው ቦታቸው ተቀምጠው ስታያቸው ግን ራሷን ተጸየፈችና ቦርሳውን ከወንበሩ ሥር ገፋችው።

«ሽጉጡ የተገኘው በሰሜን ነው፤ መሳቢያው ግን እንደ ደቡብ ተዘግቷል» ብላ ጀመረች። «ሸሪፉ ‹ቶልበርት በልማድ ከተተው› ይላል። እኔ ደግሞ ላማር ራሱ አስከተተው እላለሁ። መስመሩ ቀርቦ ነበር። ብቻውን ቢሆን ኦፓሊን ዘንድ ይቆም ነበር፤ አልቆመም። ጋቢና የሚያምነው ሰው ነበረ።»

«ወንድሙንስ አያምንም?» አለ ሸሪፉ።

«የገዛ ሚስቱን የማያስነካውን፣ እደፋሃለሁ ላለው ሰው ያቀብላል?»

ቶልበርት ወለሉን አየ።

«ያ ሰው ኦቾሎኒ ተሰጥቶት አልበላም፤ ከእጁ እየወደቀ በእግሩ ረግጦታል። ሽጉጡን ሲያነሳ ባረቀበት፤ ላማርን ሊገድል ብሎ አይደለም። ሊገድል የመጣ ሰው የተሰጠውን ሥራ አይጨርስም። ይህ ሰው ግን ድንጋጤው ውስጥ ሆኖ ጨረሰው፤ አስገብቶ ክዳኑን ዘጋ። ላማር ሽጉጡን የሚያምነው አንድ ሰው ነበረው። ያ ሰው ቅዳሜ በመኪናዬ ሱቅ ሄድኩ አለኝ፤ መኪናው ግን ሣር በቅሎበታል።»

ስም አልጠራችም። ሚስተር ኮይ ባርኔጣቸውን በግራቸው አንስተው ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አጠገባቸው ባለው የቀዝቃዛ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ በረዶው ይንኳኳ ጀመር።

«መንዳት ከተውኩ ቆየሁ» አሉ። «ባትሪው ሞቷል እያልኩ አታልላችሁ ነበር። ላማርን መንገድ ላይ አስቁሜ ሱቅ አድርሰኝ አልኩት፤ ወዲያው በሩን ከፈተልኝ። መስመሩ ሲቀርብ ‹ሚስተር ኮይ፣ አስተኙልኝ› አለኝ። አልችልም ማለት ነበረብኝ።»

«ለምን አላሉም?» አለች ቨርሊን።

«አፈርኩ። ያስተማርኩት ሰው ነው። እጄ እንዳይታይብኝ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት፤ ከመጠን በላይ ጠበቅ አድርጌ። ጣት ከቃታ ላይ ይራቅ እያልኩ ስንቱን ያስተማርኩ ሰውዬ።»

ቶልበርት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «የተናገረው ነገር ነበር?»

ሽማግሌው ወደ ቶልበርት ዞሩ።

«‹አይዞዎት፣ ሚስተር ኮይ› አለኝ። ከዚያ ሌላ አልተናገረም።»

ቨርሊን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሚስተር ኮይ የቀረውን እንደ ክስ ወረቀት እያነበነቡ ተናገሩት፤ ስልክ ሊደውሉ በማሳው አቋርጠው ቤት እንደደረሱ፣ መነጋገሪያውን አንስተው ምን እንደሚሉ ሲጨነቁ የፖሊስ ሳይረን እንደሰሙ፣ ሰው አገኘው ብለው ስልኩን እንደዘጉት።

«እኔን ሲያስሩኝስ?» አለ ቶልበርት።

«በየጧቱ ዛሬ እናገራለሁ እል ነበር። ሳልናገር ይመሻል። የወንድምህን ሞት ይቅር ልትለኝ ትችል ይሆናል፤ ይህን ግን ይቅር በለኝ አልልህም።»

ሸሪፉ ፊቱ ቀልቶ ካቴናውን ሲፈታለት፣ ቶልበርት አንጓውን እያሸ ወደ መስኮቱ ሄደ።

«እጅዎን ፋሲካ ላይ አይቼዋለሁ» አለ ጀርባውን እንደሰጠ። «ሻዩን ሲያፈሱ።»

«እኔም» አለች ኦፓሊን ቀስ ብላ።

ቨርሊንም በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እዚህ ግን እሳቸው ሲደብቁ ሌላው ሁሉ አብሮ ደብቋል። እንዳያፍሩ ብሎ ሁሉም ፊቱን ሲያዞር፣ ላማር ብቻ አላየም ኖሯል። አይቶም እንደሆነ ከሌሎቹ የበለጠ ጨዋ ሆኖ ተገኝቷል። ኔዲን ይህን ስታስብ የምርመራ ጉብዝናዋ አፈር መሰላት።

ሸሪፉ የተፈታውን ካቴና እያገላበጠ አያት። ኔዲን አያስፈልግም ስትል ራሷን ነቀነቀች፤ እሱም ኪሱ ከተተው።

ውጭ፣ ሕጉ እስረኛ ከኋላ ይቀመጥ ቢልም፣ ኔዲን የፖሊስ መኪናዋን የጋቢና በር ከፈተችላቸው። ሚስተር ኮይ ገብተው የደኅንነት ቀበቶውን ሳቡ። ብረቱ ከማሰሪያው አፍ ጋር እየተጋጨ ይንቀጫቀጭ ጀመር። አንዴ ሳቱት፤ ደገሙ፤ አሁንም ሳቱት። የኔዲን ዓይን እንደ ልማዱ ወደ ማሳው ሊሸሽ ዳዳው። ያዘችው፤ እጃቸውን እያየች ቆመች።

ሽማግሌው ቀበቶውን ለቀቁት።

«አልችልም፣ ልጄ» አሉ።

ኔዲን ጎንበስ ብላ አሰረችላቸው።