ተበጥሶ የሚነዝር ሽቦ

እኔ እንግዲህ ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ በሚሉ ሴቶች ስስቅ የኖርሁ ነኝ፣ ጎረቤቴ አልጋነሽ እንኳ ጅብ በስሜ ጠራኝ ብላ ስትንቀጠቀጥ፣ «ምነው አልሄድሽለት፣ ባል ካጣሽ ቆይተሽ የለ» ብያት ስንት ጊዜ አኩርፋኛለች፤ ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ወድጄ እንዳይመስላችሁ።

ነገሩ ከወገቤ ነው የሚነሳው። ወደ ጽጽቃ ለሠርግ ስንሄድ ከበቅሎ ወድቄ ቀኝ እግሬን እሳት ይበላው ጀመር፣ ወጌሻውም ጠበሉም ተሞከረ፣ በኋላ ልጄ የሺ አዲስ አበባ ወሰደችኝና ሐኪሞች ከአከርካሪዬ አጠገብ ቀጭን ሽቦ፣ ከመቀመጫዬ ከፍ ብሎ ደግሞ የክብሪት ቀፎ የምታህል ባትሪ ቀበሩልኝ። ሲከፍቱት እግሬን እንደ ጉንዳን ይነዝረኛል፣ ሕመሙ ይሸሻል። ጫፉ ሥጋ ውስጥ የማይዝግ ብረት ነው አለኝ ሐኪሙ፣ እኔ ማጭዴን እንኳ አንድ ክረምት ከዝገት ማዳን ያቃተኝ ሴት!

«ሽቦው ግን መታጠፍ ሲበዛበት ይደክማል፣ እማማ» አለኝ፣ «ጎንበስ ቀና አያብዙ።»

እሺ አልሁት። እሺ ያልሁት ግን ለአረሙና ለእንጨት ለቀማው ነው፣ ለስቅለት ስግደት ይሆናል ብዬ መች አሰብሁ፣ እናንተስ ብትሆኑ ታስቡ ነበር? የስቅለት ዕለት ከጥዋት ጀምሮ ኪርያላይሶን እያልሁ ግንባሬን መሬት ሳስነካ ዋልሁ፣ ከቀትር በኋላ ወገቤ ውስጥ ቀጭ አለ፣ እንደ ደረቅ ጭራሮ፣ ንዝረቱም ቀጥ። ወዲያው እሳቱ ተመለሰ። እየተንፏቀቅሁ ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ ሄጄ ጀርባዬን ለቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሰጥቼ ተቀመጥሁ፣ ከእንግዲህ በእግሬ እዚህ አልመጣም ብዬ ነጠላዬን ነክሼ አለቀስሁ።

ስግደቱ ሲያበቃ የነፍስ አባቴ እንደ ወጉ የሰዉን ጀርባ በወይራ ቅጠል እየጠበጠቡ ተጨማሪ ስግደት ማዘዝ ጀመሩ፣ ቸብ ቸብ የሚለው ከወደ ፊት ይሰማኛል። ከዚያ፣ እመኑኝ፣ የኔ ጀርባ ላይ ቸብ አለ። ቅጠሉ እርጥብ ነው፣ ቀዝቃዛ። ዞር ስል ግድግዳ ብቻ፣ እጅ ቀርቶ ክር የሚያሾልክ ቀዳዳ የለውም። ሽቦው ነዘረኝ። እሳቱ ጠፋ፣ ተነሥቼ ቆምሁ።

ሰው ሲበተን አባን ቀርቤ፣ «መቱኝና ዝም አሉኝ፣ ስንት ልስገድ?» አልኋቸው።

ቅጠላቸውን አሳዩኝ፣ ደርቆ ረግፏል። «እርስዎ ዘንድ አልደረስሁም» አሉኝ።

የሺ ሰምታ ሐኪሙ ዘንድ ይዛኝ በረረች። ራጅ ተነሣሁ፣ ሽቦው ለሁለት ተበጥሶ መሐሉ እንደ ወላቃ ጥርስ ክፍት ነው። ሐኪሙ ባትሪውን ዓይኔ እያየ አጠፋና፣ «አሁንስ ይነዝርዎታል?» አለኝ። ይነዝረኛል አልሁት። ደህና ልጅ ነው፣ አልሳቀብኝም፣ እጄን ያዘኝ። «ለምን እንደሆነ አላውቅም። የተበጠሰ ሽቦ ግን ቦታውን እየለቀቀ ሊጎዳዎት ይችላል፣ እናውጣው።»

የሺ ይውጣ ትላለች። እኔ ደግሞ ወጥቶ እግሬ ቢቀርስ እላለሁ፣ ክረምቱ ይለፍ እያልሁ አዘገይባታለሁ፣ ጠበል ስሄድም ሠርግ ስሄድም በዚሁ እግሬ ነው።

ትናንት ግን የቤቴን ግድግዳ ተደግፌ ጥጥ እየፈተልሁ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያ ቀዝቃዛ ቅጠል እንደገና ቸብ አለብኝ። ንዝረቱም ተነሣ፣ በቀኝ ሳይሆን በግራ። የግራ እግሬን አሞኝ አያውቅም፣ ሽቦም አልገባለትም። ለየሺ አልነገርኋትም።

ከዚያ ወዲህ ጀርባዬን ለግድግዳ አልሰጥም። አልጋነሽ ዛሬ ብቅ ብላ፣ «ምነው እንደ ምሰሶ ከቤቱ መሐል ተተከልሽ?» አለችኝ። አጠገቤ ተቀመጪ አልኋት፣ ያን የጅቡን ነገርም እንደገና እስቲ ንገሪኝ አልሁ፣ ይህን ጊዜ ሳልስቅ።