ከዘፋኙ ጀርባ

መርማሪዋ ቁርሷን የምትበላው ቆማ ነው። ለአንድ አፍ ብሎ ጠረጴዛ መዘርጋት ምን ያደርጋል? ራዲዮኑ ግን ከነቃች ጀምሮ አይዘጋም፤ ሌላ የሚያወራ ሰው ቤቱ ውስጥ የለምና እሱ ያውራ። የዚያን ቀን ጠዋት ስለ «ጨለማው ኮንሰርት» ያወራ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው።

ይህን ታሪክ ያልሰማ ጆሮ የለም። ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ስመ ጥሩው የሮክ ባንድ የመጨረሻውን ዘፈን ሲጀምር መድረኩ ድርግም አለ። ማይክሮፎኑ ሞተ፣ ጊታሩም ሞተ። ድራመሩ ብቻ በጨለማው ውስጥ መምታቱን አላቆመም፤ ሕዝቡም ምቱን ተከትሎ ዘፈኑን ራሱ ዘፈነው። ሰው ሁሉ አለቀሰ ይባላል። መብራቱ ሲመለስ ዘፋኙ እጆቹን ዘርግቶ የተነሳው ፎቶ በየፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ጊታሪስቱ ግን «ያንተ ማጉያ ነው መብራቱን ያጠፋው» ተብሎ በማግስቱ ተባረረ። ያን ያህል ክብር በአንድ ሌሊት ሲታደል ለእሱ የደረሰው ይኸው ነበር።

ስልኩ ጮኸ። አለቃዋ ነው።

«ስሚ፣ ድራመሩ ትናንት ሞቶ ተገኝቷል። ገዳዩንም ደርሰንበታል፤ ጊታሪስቱ ነው። ከሰዓት በኋላ በሩን ሲያንኳኳ ባለሱቁ አይቶታል። ቂምም አለው። ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።»

«ገዳይ በር አንኳኩቶ ይገባል እንዴ ጌታዬ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰሙም?»

«እሺ ልቀሚ! እስከ ነገ ምሳ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ሰውዬው እስር ቤት ይገባል።»

የባንዱ የልምምድ ክፍል ከድራመሩ እህት ቤት ሥር፣ ምድር ቤት ነው። ድራመሩ ከወንበሩ አጠገብ በጀርባው ተንጋሎ የተገኘበት ቦታ በኖራ ተከብቧል፤ ጭንቅላቱ ከሲሚንቶው ደረጃ ጠርዝ ጋር ተላትሞ ነበር። ላይ ላዩን ሲያዩት ከወንበሩ የወደቀ ሽማግሌ ይመስላል። ሐኪሙ ግን ክንዶቹ ላይ የጣት ሰንበር አግኝቷል፤ አንድ ሰው ጨብጦ ገፍቶታል። በሩ ተቆልፎ፣ የድራመሩ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነበር። ሌሎች ሦስት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ በእህትየዋ፣ ሁለቱ ከድሮ ጀምሮ በዘፋኙና በጊታሪስቱ እጅ።

መርማሪዋ ከሰው ይልቅ ዕቃ ማናገር ይቀናታል፤ ዕቃ አይዋሽም፣ «ለምን አላገባሽም» ብሎም አይጠይቅም። ድራሙ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ዙሪያዋን አየች። ፊት ለፊቷ ግድግዳውን ሙሉ የሸፈነ መስታወት አለ። በእግር እየተረገጠ የሚከፈትና የሚዘጋው ጥንድ የነሐስ ሳህን፣ ሲምባሉ፣ በሦስት እግሩ በስተግራዋ ቆሟል። ሲምባሉ የቆመበት ምንጣፍ ግን ፀጉሩ እንኳ አልተኛም። በስተቀኟ ጎንበስ ብላ በእጇ ስትዳብስ ሦስት ጥልቅ ጉድጓዶች አገኘች፤ ጣቷ ገባባቸው። ከወንበሩ ሥር ያለውን የድራመሩን ጫማ ገለበጠች። የግራው ሶል ተበልቶ ሊቀደድ ደርሷል፤ የቀኙ ደህና ነው።

«እዚህ የነካችሁት ነገር አለ?» አለች በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስ።

«ከሬሳው በቀር ምንም።»

ላይኛው ፎቅ እህትየዋ ሾርባ አቀረበችላት። መርማሪዋ እንደ ልማዷ ቆማ ልትጀምር ስትል አሮጊቷ ተቆጣች።

«ኧረ ቁጭ በይ! ቆሞ የሚበላ ፈረስ ነው!»

«እቸኩላለሁ እማማ። ወንድምዎ ትናንት ሰው ይጠብቅ ነበር?»

«ለእኔ መቼ ይናገርና! እሱ ታች፣ እኔ ላይ። ምሳ ሲደርስ በመጥረጊያው እንጨት ወለሉን ሦስቴ እመታለታለሁ፣ እሱ ትልቁን ድራም አንዴ ዱም ያደርጋል። መጣሁ ማለቱ ነው። ትናንት መታሁ፣ ዝም አለ።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «አኩርፎ መሰለኝ ልጄ። ጠዋት በጩኸቱ ተጣልተን ነበር። እኔም በእልህ ብቻዬን በላሁ። ወንድሜ እታች ሞቶ እኔ እበላለሁ!»

«ግራኝ ነበር?»

«ሲበላም ሲጽፍም በቀኙ ነው። እናታችን ግራ እጁን እየመታች አስተወችው። ድራሙ ላይ ግን ማን ይመልሰው! ሁሉንም ለግራ እጁ ደርድሮ ተበቀላት። እኔ አይደለሁ በየሳምንቱ የምወለውልለት?»

ጊታሪስቱ ከሬሳ ሳጥን ብዙም በማትሰፋ ሱቅ ውስጥ ራዲዮ ይጠግናል። የሌላውን ሰው ራዲዮ ሲያስተካክል ያ ኮንሰርት ከተላለፈ ጣቢያውን ይቀይረዋል።

«ደውሎልኝ ነው የሄድኩት» አለ። «‹ነገ ራዲዮ ላይ ከመናገሬ በፊት ላንተ ልንገርህ፣ ከሰዓት በኋላ ና› አለኝ። ባንኳኳ ባንኳኳ ዝም። ተመለስኩ።»

«ቁልፍ አለዎት አይደል ጋሼ? ለምን አልከፈቱም?»

ሽማግሌው ቀና ብሎ አያት። «ከተባረርኩበት ቤት በቁልፍ ልግባ? አንኳኩቼ እንጂ!»

መርማሪዋ እጅ ነስታ ወጣች።

ዘፋኙ ደግሞ በፎቶዎቹ መሀል ነው የሚኖረው። ግድግዳው ሁሉ እሱ ነው፤ እሱ ሲስቅ፣ እሱ ሲያለቅስ፣ እሱ እጁን ሲዘረጋ። ከየፎቶው ኋላ፣ ከትከሻው ጀርባ፣ የአንድ ሰው ግንባር ብልጭ ይላል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ እሷ እዚያ እስካለች ድረስ አንዴም አልጮኸም፤ እሱ ግን ደጋግሞ ያየዋል።

«ወንድሜ ነበር!» አለ ደረቱን እየደቃ። «ሃያ ዓመት አብረን ተጫውተናል። ብቻ፣ ያንን ደጃፍ ከረገጥኩ ዘመን የለኝም።»

«ነገ ረፋድ ይምጡልኝ እንግዲህ። እህቱ ድራሙ እንደ ጥንቱ እንዲቆምላት ትፈልጋለች።»

በማግስቱ ሁሉም ምድር ቤት ተሰበሰቡ። አለቃዋ ሰዓቱን እያየ በሩ ላይ ቆሟል፤ ካቴናው በኪሱ ነው። ጊታሪስቱ ጥግ ይዞ አንገቱን ደፍቷል። ጥንዱ ሲምባል ተነስቶ ክፍሉ መሀል ተቀምጧል።

«ጋሼ» አለች መርማሪዋ ዘፋኙን፣ «እርስዎ ይቅደሙ። ሲምባሉን ከቦታው ይመልሱልን።»

ዘፋኙ አላመነታም። አንስቶ ከወንበሩ በስተግራ አቆመው።

«ኧረ እዚያ አይደለም!» አለች እህትየዋ። «ምን ነካህ አንተ? የእሱ በቀኝ ነው!»

ጊታሪስቱ ተነስቶ፣ ሲምባሉን ወስዶ በስተቀኝ አስቀመጠው። ሦስቱ እግሮች ጉድጓዶቹ ውስጥ ጠለቅ ብለው ገቡ።

«ተሳስታችኋል!» ዘፋኙ ጮኸ። «ሃያ ዓመት ሙሉ አይቼዋለሁ!»

«የት ሆነው ነው ያዩት?»

«እዚሁ ነዋ! እዚህ ቆሜ፣ እየዘፈንኩ...» ከድራሙ ፊት ቆሞ ወደ መስታወቱ ዞረ። «ይኸው! ይኸው እንደዚህ!» ጣቱን ቀሰረ። መስታወቱ ውስጥ፣ ከትከሻው ኋላ፣ ጊታሪስቱ ያስተካከለው ድራም ልክ እሱ እንደሚያውቀው ሆኖ ቆሟል። ጣቱ አየር ላይ ቀረ።

«መስታወት ግራውን ቀኝ ያደርጋል ጋሼ» አለች መርማሪዋ በዝግታ። «መድረክ ላይ ጀርባዎን ሰጥተውት ነበር። ልምምድ ላይ ራስዎን ሲያዩ በመስታወት ያዩት ነበር። ዞር ብለው አንድ ቀን አላዩትም።»

ከዚያ ወደ አለቃዋ ዞረች። «በሩን የቆለፈው ቁልፍ ያለው ሰው ነው፤ ሦስቱም አላቸው። ድራመሩ ተገፍቶ ሲወድቅ ሲምባሉን ጥሎታል። ገዳዩ፣ ሽማግሌው ከወንበሩ የወደቀ እንዲመስል ብሎ መልሶ አቆመው። ግን በግራ አቆመው። እህቱ በየሳምንቱ ትወለውለዋለች፣ ዓይኗን ጨፍና ታቆመዋለች። ጊታሪስቱ ከጎኑ ቆሞ ሲጫወት ኖሯል። ደግሞም እሱ ያንኳኳው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ድራሙ መልስ ሳይሰጥ ቀርቷል። ይህን ስህተት የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ለምን ብዬ?» አለ ዘፋኙ።

«ራዲዮ ላይ ምን ሊናገር ነበር?»

ዘፋኙ ድራሙ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ስንት ዘመን ያስጨበጨበ ሰው እንዲህ ትንሽ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል!

«ቃሉ ጠፋብኝ» አለ። «ያ ሁሉ ሕዝብ አፌን እያየ፣ የራሴ ዘፈን ጠፋብኝ። ዋናውን ገመድ በእግሬ ነቀልኩት። ማንም ያየኝ አልመሰለኝም።»

«ከኋላ የተቀመጠ ሁሉን ያያል» አለች መርማሪዋ።

«ደውሎ ሲነግረኝ መጥቼ አትናገር ብዬ ለመንኩት። ያቺን ሌሊት ከወሰደብኝ ምን ይቀረኛል? ስልኬ እንኳ አይጮኽም እኮ! እንቢ አለኝ። ገፋሁት... ልገድለው ብዬ አልነበረም።»

ጊታሪስቱ ግድግዳውን ተደግፎ ያለቅስ ነበር፤ እንባውን አልጠረገም። «ሠላሳ ዓመት» አለ። «እሱስ ቢሆን ያኔ ለምን አልነገረኝም?»

«ባንዱ ይፈርሳል ብሎ ነዋ» አለች እህትየዋ። «ይኸው ፈረሰ።» ደረጃውን ይዛ ቀስ እያለች ወደ ላይ ወጣች።

አለቃው ካቴናውን ከኪሱ አወጣ። ለጊታሪስቱ የመጣው ካቴና ዘፋኙ እጅ ላይ ገባ። ወጡ።

መርማሪዋና ጊታሪስቱ ብቻ ቀሩ። ሁለቱም መሄድ ነበረባቸው፤ ግን ማንም የሚጠብቃቸው ስለሌለ አልተጣደፉም።

ድንገት ከላይ ወለሉ ተመታ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። የአሮጊቷ እጅ ልማዱን እንጂ ሞቱን እንዳላወቀ፣ አሁን እዚያ ላይ እንጨቱን ይዛ ደርቃ እንደቆመች መርማሪዋ ገባት።

ያን ጥሪ ከድሮ የሚያውቀው ጊታሪስት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የግራ እግሩን አስተካክሎ ትልቁን ድራም አንዴ ረገጠው። ዱም።

ላይ የሆነ ነገር ወደቀ። ከዚያ የአሮጊቷ ድምፅ በደረጃው ወረደ።

«ና ውጣ እንግዲህ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ! አንቺም ልጄ፣ ነይ!»

መርማሪዋ ወጣች። ለሦስት ሰው የተዘረጋ ጠረጴዛ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች።