ሲላስ የጣላት ኳስ

ይህ ከሰው የሰማሁት አይደለም። ቆሜ ያየሁት ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው፤ ባታምኑኝም አልቀየምም።

ባለፈው ሐምሌ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ...

ለንደን፣ ኤድመንተን። ከትልልቅ መደብሮች ፊት ለፊት ያለ የመኪና ማቆሚያ።

እዚህ ቻናል ላይ ብዙ ጊዜ የሌሊት ታሪክ ነው የሚለጠፈው። የእኔ በጠራራ ፀሐይ ነው የሆነው። ሰው ጋሪውን እየገፋ፣ ፍራሽ መኪናው ላይ እያሰረ፣ ልጁን እየተቆጣ...

ጨለማ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እንጠነቀቅ ነበር።

አክረም እባላለሁ፤ እዚህ ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ። አልአሚን የአክስቴ የመስቱራ ልጅ ነው። እዚሁ ለንደን ተወልዶ ያደገ፣ ሼፈርድስ ቡሽ ፀጉር ቤት የሚሠራ። እጁን ላወቀው ሌላ ፀጉር ቆራጭ አይጥመውም። በዚያ ሳምንት ካሌዶኒያን ሮድ ላይ የራሱን ሱቅ ሊከፍት ነበር። ወንበሮቹ ሳይቀሩ ገብተዋል።

እሁድ እሁድ ደግሞ ለሰፈሩ ቡድን በረኛ ነው።

ፀጉሩን ሊቆረጥ የመጣ አንድ ሽማግሌ ወሬ አስጀምሮት፣ በወሬው ማርኮት፣ የሆነ ክለብ ውስጥ ሊያስገባው ሆነ። የቤዝቦል ታሪክ ክለብ፤ ያ በዱላ ተመትቶ በጓንት የሚያዘው የአሜሪካኖች ኳስ።

«እንግሊዝ አገር ቤዝቦል?» ብላችሁ ትስቃላችሁ። እኔም ስቄያለሁ። ግን ድሮ እዚህም ይጫወቱት ነበር።

አክስቴ ደወለችልኝ።

«አክረም፣ እነዚህ ሰዎች ምን እንደሆኑ ሄደህ እይልኝ። ሃይማኖት ነው? ቁማር ነው?»

«ኳስ ነው አክስቴ።»

«ኳስ ከሆነ ለምን አይጫወቱም?»



ሄድኩ። በሰው ላይ በአንድ ቀን መፍረድ አልወድም፤ ስለዚህ ደጋግሜ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስለ ካልሲ ተከራከሩ። ከመቶ ዓመት በፊት የሞተ ሰው ያጠለቀው ካልሲ ሰማያዊ ነው ወይስ ግራጫ። አንዱ ተናዶ ኮቱን አንጠልጥሎ ወጣ። እውነት ለመናገር ሻያቸው ጥሩ ነበር።

በሚቀጥለው ጊዜ ለጉብኝት ወጣን። የድሮ ሜዳዎች የነበሩበትን ቦታ እየዞሩ ያያሉ። አንዱ ሜዳ ላይ አሁን የማዘጋጃ ቤት ኪራይ ቤቶች ተሠርተውበታል። ልብስ የምታሰጣ አንዲት ሴትዮ ከበረንዳዋ ላይ ሆና «ውሃ ልስጣችሁ?» አለች። ደግ ሴት ናት።

የክለቡ ሊቀ መንበር ቀና ብሎ አያት።

«እመቤቴ፣ የቆሙበት ቦታ ለውሃ ማደያ የተሠራ አይደለም። እዚህ ሜዳ ላይ ትልልቅ ሰዎች ሮጠዋል» አላት። ሌሎቹ ሳቁ። ሴትየዋ ልብሷን ይዛ ገባች።

ሊቀ መንበሩ የእኛው ሰው ነው። ጋሽ ደግፌ ይባላል፤ አልአሚንን ወደ ክለቡ የጠራው ሽማግሌ እሱ ነው።

በልጅነቱ አስመራ፣ የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር ውስጥ ኳስ ለቃሚ ነበር። ቤዝቦልን እዚያ አወቀ። በደርግ ጊዜ ለንደን ገባ፤ እንግሊዞቹን በእውቀት በልጦ ክለባቸውን ያዘ። በዚህስ አደንቀዋለሁ። ነገር ግን የሚያውቀውን ሁሉ የሚያውቀው ሌላውን ለመናቅ ነው።

«እናንተ የእግር ኳስ መንጋ!» ይለናል። «ምን ታውቁና!»

የክለቡ ትልቁ ቀን የሲላስ ቀን ነው። ጉድ የመጣው በዚያ ነው።

ሲላስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በቀኝ ዳር የሚጫወት የመጋዘን ሠራተኛ ነበር። በዋንጫው ጨዋታ መጨረሻ ላይ አንዲት ኳስ ወደ ሰማይ ወጣችና ቀጥ ብላ ወደ እሱ ወረደች። ቢይዛት ቡድኑ አሸናፊ ነው።

ጣላት።

«ሕፃን የሚይዛትን ኳስ!» አለኝ ጋሽ ደግፌ፣ ሳቁ እያነቀው።

«ከዚያስ ጋሽ ደግፌ?»

«ከዚያማ ሕዝቡ ጮኸበት። ጓንቱን እዚያው ወርውሮ ሄደ። ቤቱ አልገባ፣ ሥራው አልገባ። ወንዝ ገባ የሚሉ አሉ። እኔ እፍረት ዋጠው ባይ ነኝ።»

«ታዲያ በየዓመቱ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«እናስታውሰዋለን!»

ማስታወሱ እንዲህ ነው። ያ ሜዳ ዛሬ የነገርኳችሁ የመኪና ማቆሚያ ነው። በየዓመቱ በዚያች ቀን ይሄዳሉ። አዲስ አባል ሲላስ በቆመበት ቦታ ይቆማል። ጋሽ ደግፌ በዱላ አየር ይመታል። ኳስ የለም፤ ሁሉም ግን ወደ ሰማይ ያያል። አዲሱ አባል እጁን ይዘረጋል፣ የያዘ ይመስላል፣ ከዚያ እንደጣለ ያደርጋል። ሁሉም «ቡ...!» እያለ ይጮህበታል። በዚያ አባልነቱ ይጸድቃል።

የተማሩ፣ ጡረታ የወጡ፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ናቸው። መልስ ሊሰጣቸው በማይችል ሰው ላይ ለመጮህ መኪና አስነስተው ይመጣሉ።

የዘንድሮው ሲላስ አልአሚን ነበር።

ወደዚያ ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ፣ «ሰው በአንድ ኳስ እስከ መቼ ይሰደባል?» አለኝ።

«አታድርገው ታዲያ። እንመለስ።»

«ኖ፣ አይዞህ፣ ቀላል ነው» አለ። እኔም ተውኩት።

ደረስን።

አባላቱ የድሮ ኮፍያ አድርገው፣ ታጣፊ ወንበር ዘርግተው ጠበቁን። ጋሽ ደግፌ አልአሚንን ክንዱን ይዞ ወሰደና አንድ ባዶ የመኪና ቦታ ላይ አቆመው።

መጀመሪያ ልብ ያልኩት ያንን ነው።

ማቆሚያው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰዎች ቦታ ፍለጋ ይዞራሉ። እዚያች ቦታ ላይ ግን ማንም አያቆምም። አንድ መኪና ሊገባባት ዞር አለና... ቆመ... ወደ ኋላ ተመልሶ ሄደ።

ቀጥሎ ርግቦቹን አየሁ። ከመደብሩ ጣሪያ ጫፍ ላይ ተደርድረዋል። አንዷም አትንቀሳቀስም። ሁሉም ወደ አልአሚን ዞረዋል።

«ዝግጁ?» አለ ጋሽ ደግፌ።

ዱላውን ወዘወዘ። አየር መታ።

ጧ!

ድምፅ ነበረው። እንጨት ኳስ ሲመታ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ።

አጠገቤ የነበረው ፊቱ ቀይ የሆነ ሰውዬ «ደግፌ ዘንድሮ በስልኩ ድምፅ ጨመረበት» ብሎ ሳቀ። ጋሽ ደግፌን አየሁት። ዱላውን እያገላበጠ ያያል። አልሳቀም።

ሁሉም ወደ ሰማይ አዩ። እኔ ወደ መሬት አየሁ።

ጥላ ነበረ።

ብርቱካን የምታህል ክብ ጥላ አስፋልቱ ላይ ትሄዳለች። በመኪኖቹ ጣሪያ ላይ ወጣች፣ ወረደች... ቀጥ ብላ ወደ አልአሚን።

ቀና አልኩ። ሰማዩ ላይ ምንም የለም።

አልአሚን እጁን ዘረጋ። ፊቱን አየሁት። በረኛ ኳስ ሲመጣ የሚኖረው ፊት ነው። ሊጥል እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

ጠብ!

ያዛት።

ሁለት እጆቹ ገጥመዋል። ክንዱ ወደ ታች ሸብረክ ብሎ ተመለሰ።

«ቡ...!» አሉ አባላቱ፣ ከልማድ። ወዲያው እንዳልጣላት ገባቸውና አንድ በአንድ ዝም አሉ።

ድምፁ ግን አላቆመም።

«ቡ...» ይላል፣ ከዙሪያችን፣ ከመኪኖቹ መሃል። የጥቂት ሽማግሌዎች ድምፅ አይደለም። የስታዲየም ድምፅ ነው። ቀስ እያለ ቀነሰ... ቀነሰ... ጠፋ።

ሮጬ አልአሚን ጋ ደረስኩ።

«አክረም...» አለኝ በሹክሹክታ።

«ምን ሆንክ?»

«እጄ አይከፈትም።»

«ቀልዱን ተው።»

«ወላሂ አይከፈትም።»

ጣቶቹን ልፈለቅቅ ሞከርኩ። እንደ ብረት ናቸው። በመዳፎቹ መካከል ባለች ቀዳዳ ትንሿን ጣቴን አስገባሁ።

የሆነ ነገር ነካሁ።

እርጥብ ቆዳ። በረዶ የሚመስል ቅዝቃዜ። ጣቴን ሳወጣ አዲስ የታጨደ ሣር ሸተተኝ። በዚያ ሁሉ አስፋልት መሃል።

«እየከበደኝ ነው» አለ። ጥፍሮቹ መጥቆር ጀምረዋል። «አክረም፣ እጄን... ሱቁ...»

«ቆይ። ቀስ ብለህ ተንፍስ።»

«ከኋላዬ ሰው አለ?»

አየሁ። ባዶ አስፋልት።

«የለም።»

«አንገቴ ላይ እየተነፈሰ ነው።»

ጋሽ ደግፌ እየተንጎማለለ መጣ። ፊቱ ቢገረጣም አንገቱን ቀና አድርጓል።

«ጣላት!» አለ።

«ጋሽ ደግፌ፣ እጁ ተጎድቷል። ይመልከቱት።»

«ስለ እጁ ማን ጠየቀህ? ሥርዓቱን አበላሸብን! ጣላት አልኩህ!»

«አልችልም» አለ አልአሚን።

«የማይችል ለምን ይይዛል? እናንተን ያመጣሁ እኔ ነኝ ጥፋተኛው!»

እጅግ ናቅሁት። ቢሆንም ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፤ ሽማግሌ ነው።

«ጋሽ ደግፌ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ያንን ሰው ይቅርታ ይበሉት።»

«ማንን?»

«ሲላስን።»

ዞሮ ለእንግሊዞቹ ተረጎመላቸው። ሳቁ። እሱም ሳቀ።

«ለአየር ይቅርታ! ዩኒቨርሲቲ ይኼንን ነው ያስተማረህ? ወዲያ በል።» እጆቹን ከአልአሚን እጆች ሥር ዘረጋ። «አምጣ። እንዴት እንደምትጣል እኔ አሳይሃለሁ።»

«ጋሼ፣ አይቀበሉኝ» አለ አልአሚን። እንባው ወርዷል። «ይከብዳል። በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አይቀበሉኝ።»

«አንተ ኳስ ሳታውቅ እኔ ኳስ እለቅም ነበር! አምጣ!»

የአልአሚን እጆች ተከፈቱ።

በራሳቸው።

ምንም ሲወድቅ አላየሁም። የጋሽ ደግፌ ክንዶች ግን ተወርውረው ወረዱ። ጉልበቱ አስፋልቱን መታው። የእጆቹ ጀርባ መሬት ላይ ተጣብቆ፣ መዳፉ ወደ ላይ ተከፍቶ፣ ተንበርክኮ ቀረ።



ከዚያ ፊቱ ቀይ የሆነው ሰውዬ ፈገግ አለ።

«ጣላት!» አለ። «ደግፌ ጣላት!»

«ቡ...!»

ጀመሩ። የራሳቸው ሊቀ መንበር ላይ። መጀመሪያ እየሳቁ፣ ቀጥሎ ሳይስቁ። ለዓመታት አብረውት ሻይ የጠጡ ሰዎች ዙሪያውን ከበው ጮኹበት። የጣለ ይጮህበታል፤ ሥርዓት ነው። አንድም እጁን የሰጠው የለም።

እኔ ብብቱን ይዤ ላነሳው ሞከርኩ። ንቅንቅ አላለም። ስልኬን አውጥቼ አምቡላንስ ጠራሁ፣ ያለንበትን ነገርኩ።

«አይዞዎት ጋሼ፣ እየመጡ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ዐይኑ ውስጥ ፍርሃት አለ፤ አፉ ግን ያው ነው።

«አትንካኝ! እናንተ ምን ታውቃላችሁ! ሂዱ ከዚህ!»

አልአሚን እጄን ያዘ። ጣቶቹ ሞቀዋል፣ ይታጠፋሉ።

«እንሂድ፣ ፕሊዝ። አሁኑኑ» አለኝ። «ወደ ላይ ደግሞ እንዳታይ።»

«ለምን?»

«ዝም ብለህ እንዳታይ።»

አላየሁም።

አውቶቡስ ላይ ወጣን፣ ፎቁ ላይ። አልአሚን ጣቶቹን አንድ በአንድ እየዘረጋ ያጥፋል። ዐይኑን ጨፍኗል።

አውቶቡሱ መብራት ያዘውና ቆመ። ማቆሚያው በሙሉ ከታች ይታየኛል።

የአባላቱ ጩኸት ቆሟል። ጋሽ ደግፌ መሃል ላይ እንደተንበረከከ ነው። አባላቱ ወደ እሱ አያዩም። አንገታቸውን ሰቅለው ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

እነሱ ብቻ አይደሉም።

ጋሪ የሚገፉት ቆመዋል። ፍራሽ የሚያስረው ሰውዬ ገመዱን እንደያዘ ቆሟል። በእናቷ ትከሻ ላይ ያለችው ሕፃን ሳትቀር... ያ ሁሉ የማይተዋወቅ ሰው አንገቱን ሰቅሎ ከጋሽ ደግፌ በላይ ያለች አንዲት ቦታን ያያል። 

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። አውቶቡሱ መታጠፍ ጀመረ።

ያኔ ራሶቹ ሁሉ...

አንድ ላይ...

የምትወርድ ኳስ እንደሚከተሉ፣ ቀስ እያሉ ወደ ጋሽ ደግፌ ዝቅ ማለት ጀመሩ።