ከገደል የወጣው ሬድዮ

ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩ ተቀርቅሯል? ደህና።

ሰዓቱ እንደ አሁኑ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል። ጨረቃ የለችም። ከመንደሩ ወደ ጉብታው የሚያወጣው መንገድ ቀጭን ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይሄድበትም። በዚያ መንገድ በዚያ ሰዓት ማን ይሄዳል? ይርዳው ይሄዳል። ብቻውን።

ይርዳው ሬድዮ ጠጋኝ ነበር። ያን ሰሞን ገደል ከገባ የጭነት መኪና የተነቀለ፣ ሾፌሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት አሮጌ ሬድዮ ከቆራሌው ገዛ። ሾፌሩ ሞቷል። ሬድዮው ግን ነፍስ አለው። ይርዳው ሆዱን ከፍቶ፣ ሽቦውን እንደገና ጠምጥሞ፣ ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር የሚያወራበት አደረገው። ጉብታው ላይ ካለው ወይራ አንቴና ዘረጋ። ማታ ማታ ባትሪውን ተሸክሞ ይወጣል፤ ሩቁ የሚሰማው ማታ ነው። ለሚስቱ ለስንዱም የምታዳምጥበት ትንሽ ሬድዮ ሠራላት። ሲጨርስ በሬድዮው «ወረድኩ» ይላታል። እሷም በር ትከፍትለታለች።

«ሰው ይዘህ ብትሄድስ?» አለችው አንድ ቀን፣ ልጇን እንዳዘለች።

«ማን ከኔ ጋር በብርድ ይቆራመዳል ብለሽ ነው?»

«እንግዲያው ማታ የሚጠራህ ቢኖር፣ ሦስቴ ሳይጠራህ አቤት እንዳትል። ክፉ መንፈስ ሁለቴ እንጂ ሦስቴ አይጣራም።»

«አይ ስንድዬ፤ የሬድዮ ሕግ ለጠራ ሁሉ መመለስ ነው። ሰውየው ጭንቅ ላይ ቢሆንስ?»

ከዚያ ወዲያ በመጀመሪያው ማታ ስንዱ በሬድዮዋ ትንፋሽ ሰማች። የይርዳው አልነበረም። የባሏን ትንፋሽ የማታውቅ ሚስት አለች?

በሁለተኛው ማታ ሞተር ሰማች። ቁልቁለት የያዘ ከባድ መኪና ያጓራል።

በሦስተኛው ማታ ሰው ተናገረ።

«ይርዳው።»

አንዴ። ስንዱ አፏን በእጇ ያዘች። አትመልስ፣ አትመልስ ትላለች በሆዷ። የሷ ሬድዮ ይሰማል እንጂ አይናገርም።

«አቤት» አለ ይርዳው። «የት ነህ ወንድሜ?»

«ቁልቁለቱ ላይ ነኝ። ፍሬኑ አልይዝ አለኝ። አንተስ የት ነህ?»

«ጉብታው ላይ፣ ከወይራው ሥር።»

«መጣሁ።»

ሞተሩ ቀረበ። ሁለት ሰው በማያሳልፍ መንገድ መኪና በየት በኩል ይወጣል? ቀረበ፣ ቀረበ። ከዚያ ዝም አለ። ሬድዮው ዝም፣ ጉብታው ዝም።

ብዙ ቆይቶ የይርዳው ድምፅ «ወረድኩ» አለ።

ስንዱ ተነሣች። እጇን መቀርቀሪያው ላይ አደረገች። ግን ከቃሉ ኋላ ምን ሰማች? ሞተሩን። አሁንም ያጓራል።

ከደጅ «ስንዱ» አለ። የባሏ ድምፅ ነው።

እጇን ከመቀርቀሪያው አነሣች።

«ስንዱ፣ ክፈቺልኝ። በረደኝ።»

ሁለት ሆነ። እሱ ከሆነ ሦስተኛውን ይጥራ። ጠበቀች። ልጇን አቅፋ እስኪነጋ ጠበቀች።

ጠዋት መንደርተኛው ጉብታው ላይ ወጣ። ሬድዮው ወይራው ሥር አለ፤ መብራቱም ይበራል። ባትሪው ግን የለም። ባትሪው የተገኘው ስንዱ ደጃፍ ላይ ነው። ይርዳውን ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው የለም።

እና እናንተም ዛሬ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ብቻውን የሚሄድ…

ቆይ። ከደጅ የተጠራው የማን ስም ነው?

ያንተ? ተቀመጥ። ገና አንዴ ነው።