ከፊሽካው በኋላ

ሄቲ እጇን የቦታ ዕጣው ከረጢት ውስጥ ስትከት የተመኘችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስድስት ቁጥር እንዳይወጣባት። ወጣባት።

«ጥሩ ቦታ ነው» አለ አባቷ ግሌን፣ በትከሻዋ በኩል አጮልቆ ቁጥሩን እያየ። «ከግርግር የራቀ።»

«ከሰው ዘር ሁሉ የራቀ።»

ግሌን ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። የራሱን ቁጥር ኪሱ ከቶ፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎቹን ትከሻው ላይ አንግቶ፣ ከድልድዩ ወዲያ ወደ አዋቂዎቹ ምድብ ሄደ። ሄቲ ጋሪዋን እየጎተተች በቦዩ ዳር ወደ ሌላኛው አቅጣጫ ተጓዘች። ጋሪው ላይ የመቀመጫ ሳጥን፣ ዘንግ፣ መረብና አንድ ዕቃ ሙሉ የዝንብ ትል አለ። አንደኛው ጎማ ከካቻምና ጀምሮ ሲጢጥ ይላል። ግሌን በየሳምንቱ «ዘይት አደርግበታለሁ» ይላል።

የዓሣ አጥማጆች ክበቡ በብርዱ ወራት ታዳጊዎችን ስድስት እሁድ ያወዳድራል። ዛሬ ስድስተኛው ነው። አንደኛ የወጣው ከጸደይ ጀምሮ ለአውራጃው የታዳጊዎች ቡድን ይሰለፋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልምምድ፣ እሁድ እሁድ ውድድር፣ እስከ መስከረም። ሄቲና ሮዋን እኩል ነጥብ ይዘዋል። ከሁለቱ ዛሬ በሚዛን የበለጠ ዓሣ የያዘ ቦታውን ይወስዳል።

ሄቲ ቦታውን አትፈልገውም። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስታለች። ዛሬ ጠዋት ለአባቷ ልትነግረው ቆርጣ ነበር። ሳትነግረው የቀረችው በቫኑ ማሞቂያ አመካኝታ ነው። ማሞቂያው ሲበራ እንደ ወፍጮ ቤት ስለሚያጓራ ካልጮኹ አይደማመጡም። «ዓሣ ማጥመድ ሰልችቶኛል» የሚባል ነገር ደግሞ ተጮኾ አይነገርም። ማሞቂያው በእነዚህ ሦስት ዓመታት ብዙ ጊዜ አገልግሏታል።

አምስት ቁጥር ላይ ሮዋን ቀድሟት ደርሷል። በብስክሌት ነው የሚመጣው፤ ጋሪውን ከኋላ አስሮ። አሁን ገመድ ያሰረበትን ባልዲ ወደ ቦዩ እየወረወረ ስስ በረዶውን ይሰብራል።

«ስድስት?» አለ ሳያያት።

«ስድስት።»

«አይዞሽ፣ ጎረቤትሽ እኔ ነኝ።»

«እሱ ነው እኮ የከፋው።»

ሮዋን የራሱን ቦታ ሲጨርስ ባልዲውን ይዞ መጣና የእሷንም በረዶ ሰበረላት። አላመሰገነችውም፤ ሁለቱም ይህን እንደ ምስጋና ቆጠሩት። ትምህርት ቤት በአንድ አውቶቡስ ነው የሚሄዱት፤ ብዙ ነገር ሳይነጋገሩ የሚያልፉበት ጓደኝነት ነው ያላቸው። ማጥመዱ እንደሰለቻት ያወቀውም እሱ ብቻ ነው። ኅዳር ላይ አውቶቡስ ውስጥ ነግራዋለች።

አራት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ፊሽካ ተነፋ።

ውኃው ሲቀዘቅዝ ዓሣ ፆመኛ ይሆናል። በቀን ጥቂት ጉርሻ ይበቃዋል። የሚወረወርለት ትል አንድ ጭብጥ ከበዛ ይጠግብና ቀኑን ሙሉ ዘወር ብሎ አያይም። ሮዋን ይህን ከሄቲ በላይ ያውቃል። ግን ቦታውን በጣም ፈለገ፤ ገና በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ማዶ ካለው ቁጥቋጦ ሥር አንድ ሙሉ እፍኝ በተነ። በእጁ ሲበትን ሄቲ አየችው። ስህተቱ ለእሱም ወዲያው ገባው፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ ተቀመጠ።

ሄቲ በበኩሏ እጇን ከጓንት ማውጣት እየታከታት፣ ትዝ ባላት ቁጥር ሦስት ትል ብቻ ጣል ታደርጋለች። ዓሣዎቹ ወደዱላት። ከመዳፍ የማይበልጡ፣ ክንፋቸው ቀላ ያለ፣ ሮች የሚባሉ ትናንሽ ዓሣዎች አንድ በአንድ ይወጣሉ። ሮዋን ሁለት ሲይዝ እሷ አሥራ አንድ ያዘች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ሮዋን።

«ምንም።»

«ምንም እንደማታደርጊማ እያየሁ ነው። እንዴት ነው ታዲያ የሚበላልሽ?»

«እኔ ምን አውቄ። እነሱን ጠይቃቸው።»

ሆን ብላ መሸነፍንም አስባ ነበር። መንጠቆውን ያለ ትል ውኃ ውስጥ ብትነክረው ማንም አያውቅባትም። ግን አምስት ሰዓት ሙሉ ባዶ መንጠቆ ላይ ማፍጠጥ ከማጥመዱም የባሰ ይሰለቻል።

ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ከቀዘቀዘው የቤከን ሳንዱቿ ግማሹን ወስዳ ሰጠችው።

«ብታሸንፊ ምን ታደርጊበታለሽ?» አላት አፉን ሞልቶ።

«እተኛለሁ።»

«የምሬን ነው።»

«እኔም የምሬን ነው። ከዓርብ እስከ ሰኞ መተኛት ነው የምፈልገው።»

«ለአባትሽስ ነገርሽው?»

«ማሞቂያው ይጮሃል።»

«አቦ ተይኝ። ሦስት ዓመት ማሞቂያ።» ጣቶቹን ላሰ። «እኔ ብሆን እኮ በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ። በእግሬ።»

ቀልድ መሆኑን ልታጣራ ፊቱን አየችው። ቀልድ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ብርዱ ከመቀመጫው ሳጥን በኩል ሽቅብ ይወጣ ጀመር። ሄቲ የእግር ጣቶቿን ከረሳቻቸው ቆይታለች። ክሯ ላይ የታሰረው ተንሳፋፊ ሲጠልቅ ዘንጉን ታነሳለች፤ ካልጠለቀ ትጠብቃለች። ሮዋን አራት አደረሰ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ምንም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳኛው ሚስተር ኦክሊ ከድልድዩ ላይ የማብቂያውን ፊሽካ ነፉ። ረጅም ነበር። ሄቲ ፊሽካው ሳያልቅ ዘንጓን ከውኃው አወጣች፤ ቀኑን ሙሉ የፈጠነችው ያኔ ብቻ ነው። ዞር ስትል ሮዋን በግራ እጁ መንጠቆውን፣ በቀኙ አንድ ትል ይዟል። ወደ ድልድዩ ተመለከተ። የቦዩ መታጠፊያ ከለላ ስለሆነ ከእሷ በቀር የሚያየው ሰው የለም። ትሉን ሰካና ዘንጉን ቀስ አድርጎ ከቁጥቋጦው ሥር አስገባ።

እንዲያው ለመሞከር ነው ብላ አሰበች። ብዙዎች ያደርጉታል፤ ከፊሽካው በኋላ አንዴ ሞክረው፣ የያዙትን አይተው፣ ይለቁታል።

ተንሳፋፊው ጥልቅ አለ።

ዘንጉ ጎበጠ፤ ከጫፉ ያለው ላስቲክ እስከ ቦዩ መሃል ተለጠጠ። ትንሽ ዓሣ አይደለም። ሄቲ ሳታስበው ብድግ አለች።

«ቀስ፣ አትጎትተው። ይዙር፣ ልቀቅለት።»

«ዝም በይ፣ አውቃለሁ።»

ዓሣው ሁለቴ ወደ ቁጥቋጦው ተመለሰ። በሦስተኛው ደክሞት በጎኑ ተንሳፈፈ፤ ሮዋን እጀታ ባለው መረብ አነሳው። ቸብ የሚባለው ዓሣ ነው፣ ወፍራም፣ አፉ የሕፃን ቡጢ የሚያስገባ። ሁለት ፓውንድ አያጣም። ሮዋን ፈገግ ብሎ አያት፤ እሷም ፈገግ አለች። ከዚያ ዓሣውን ወደ ቦዩ ሳይሆን ወደ መመዘኛ መረቡ ጨመረው።

«ልቀቀው እንጂ» አለች ሄቲ።

«ፊሽካው ሲነፋ መንጠቆውን ይዞ ነበር።»

«ሮዋን። ትሉ እጅህ ላይ ነበር።»

«ሲነፋ መንጠቆ ላይ ያለ ዓሣ ይቆጠራል። ሕጉ ነው።»

«ሕጉን አውቃለሁ።»

«ጎረቤት ካረጋገጠ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጎረቤቴ አንቺ ነሽ።»

ሄቲ ዘንጓን ክፍል በክፍል መንቀል ጀመረች።

«አትፈልጊውም» አለ ሮዋን። «እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ አንቺ ነሽ። እኔ ቦታውን እወስዳለሁ፣ አንቺ ትተኛለሽ። አባትሽም ቢሆን ተበለጠች ነው የሚለው፣ ተወችው አይልም። ምንም መንገር አይጠበቅብሽም። ማን ይጎዳል?»

ነገሩ በልኳ እንደተሰፋ ልብስ ልክክ ብሎላታል። ያስጠላትም ይኸው ነበር፤ የሮዋንን ውሸት እሷ ራሷ ብትሰፋው እንኳ ይህን ያህል አይስተካከልላትም።

ሚስተር ኦክሊ ባለ ሦስት እግር ሚዛናቸውን ተሸክመው እያለከለኩ ደረሱ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ አፍንጫቸው ቀልቷል።

«በሉ ቶሎ ቶሎ፣ እግሬ ሊቆረጥ ነው። ሄቲ፣ አምጪ።»

መረቧን አነሳች። አንድ ፓውንድ ከሦስት አውንስ። ሚስተር ኦክሊ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው ጻፉ፤ እሷም ፈረመች።

«ሮዋን።»

ሮዋን መረቡን ሲያነሳ ቸቡ ከትናንሾቹ መሃል ተገላበጠ። ሚስተር ኦክሊ ዓሣውን አይተው፣ ሮዋንን አዩ።

«ይኼ ከየት መጣ?»

«ፊሽካው ሲነፋ ይዞ ነበር፣ ሚስተር ኦክሊ። ያወጣሁት ትንሽ ቆይቶ ነው።»

«ደህና። እንግዲያውስ ጎረቤት ትፈርማለች።» እርሳሱን ለሄቲ ዘረጉላት። «አይተሻል የኔ ልጅ? መንጠቆው ላይ ነበር?»

ሮዋን ጫማውን ያያል። ሄቲ እርሳሱን ተቀበለች። ሞቅ ይላል፤ ሽማግሌው ጓንታቸው ውስጥ ይዘውት ነበር። አንድ ፊርማ ነው። ለምን እንደሆነ ሳታውቀው የቫኑ ማሞቂያ ትዝ አላት።

«አልነበረም» አለች። «ትሉን ገና እየሰካ ነበር።»

እርሳሱን መለሰችላቸው።

«ልቀቀው፣ ልጄ» አሉ ሚስተር ኦክሊ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «የቀረውን እንመዝናለን።»

ሮዋን ቸቡን በሁለት እጁ ይዞ ውኃው ውስጥ አስቀመጠው። ዓሣው ለአፍታ እጁ ላይ ቆየ፤ ከዚያ ወደ ቁጥቋጦው ሄደ። የቀረው ዘጠኝ አውንስ ሆነ፤ የሄቲን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ሚስተር ኦክሊ ያንኑ ጻፉ፤ ሌላ ምንም አልጻፉም። ሚዛናቸውን አንግተው ወደ አራት ቁጥር ሄዱ።

«አሁን ምን ልታደርጊበት ነው?» አለ ሮዋን ዕቃውን እያሰረ። «ትራስ?»

ሮዋን ጋሪውን ብስክሌቱ ላይ አሰረና ሄደ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጎማው ሲጢጥ የሚለውን ጋሪዋን ሽቅብ ይገፋላት ነበር።

ድልድዩ ጋ ግሌን ወሬውን ሰምቶ ጠበቃት። ጋሪውን ነጥቆ፣ ቫኑን ከፍቶ፣ ለሚያገኘው ሁሉ ይናገራል።

«በዚህ ብርድ አንድ ፓውንድ ከሦስት። በየስንት ደቂቃው ነበር የምትጥይላቸው?»

«ትዝ ሲለኝ።»

«ሰማችሁ? ትዝ ሲላት!»

ቫኑ ውስጥ ገቡ። ግሌን ሞተሩን አስነሳና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው አዞረው። ማጓራት ጀመረ። ትል፣ እርጥብ መረብና ጭቃ ተቀላቅለው ሸተቱ። ግሌን በጩኸቱ ላይ እየጮኸ ስለ ቅዳሜ አወራ፤ ከሥራ ፈረቃውን እንደሚቀይር፣ አዲስ ዘንግ እንደሚያስፈልጋት፣ ስለ ጋሪው ጎማም። ሄቲ ፊቱን በጎን አየችው። ያለወትሮው ወጣት መስሏል።

ከቦዩ ጎን በሚሄደው መንገድ ላይ ሮዋንን ደረሱበት። አቀርቅሮ ዳገቱን ይረግጣል፣ ጋሪው ከኋላው ይወዛወዛል። ግሌን ሰላም ሊለው ጡሩንባ ነፋ። ሮዋን ቀና አላለም።

«ምን ሆነ ይሄ ልጅ?» ጮኸ ግሌን።

ሄቲ ጓንቷን አወለቀች። እጇን ዘርግታ ማሞቂያውን ዘጋችው። ቫኑ ውስጥ የነበረው ጩኸት ሁሉ ባንድ ጊዜ ሞተ፤ የጎማው ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ይበርድሻል» አለ ግሌን።

«ይብረደኝ። አባዬ፣ ስለ ቅዳሜው የምነግርህ ነገር አለ።»

ግሌን እጁን ወደ ማሞቂያው ሰደደ። ከዚያ መልሶ መሪው ላይ አሳረፈው።