ጓሳውን የከፈተው ድምፅ

ሀከር ሊቅ ነው ይባላል። አይደለም። ሀከር ማለት የሰፈሩን በር ሁሉ እየዞረ ሲገፋ የሚውል፣ አንዱን ሳይቆለፍ ሲያገኘው ዘው የሚል ሰነፍ ነው፣ የሊቅነቱን ካባ የሚደርብለት ደግሞ በሩን ሳይቆልፍ የተኛው ባለቤት ነው፣ ምክንያቱም «የተራቀቀ ጥቃት ደረሰብኝ» ማለት «ቁልፉን በሩ ላይ ረስቼው አደርኩ» ከማለት ያስከብራል። ይህን ስጽፍ ዓመታት አልፈዋል። ዜናው በወጣ ቁጥር፣ ያው ፊቱን በኮፍያ የሸፈነ ሰውዬና ከኋላው እንደ ዝናብ የሚወርድ አረንጓዴ ፊደል ያለበት ሥዕል አብሮ በወጣ ቁጥር፣ እኔም ቁጭ ብዬ እሳለቃለሁ፤ ለአንድ የኮምፒውተር ተባይ እንደ ድሮ ጀግና የፈረስ ስም ያወጡለታል፣ ዓለምን አንቀጠቀጠ ይሉለታል፣ ሲጣራ ግን የመሥሪያ ቤቱ የይለፍ ቃል የመሥሪያ ቤቱ ስም ሆኖ ይገኛል።

ይህን የምነግራችሁ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ እንድታውቁት ነው። ቡዳው፣ ዛሩ፣ መተቱ፣ «ስልኬ ሳልነካው ይደውላል» የሚለው ሰው፣ ለእኔ ሁሉም አንድ ናቸው፣ ልቤን የሰጠሁበት አንድም ቀን የለም። ለሁሉም የምመልሳት አንዲት አጭር አረፍተ ነገር ነበረችኝ፤ ወዳጆቼ ያውቋታል፣ ገና ወሬያቸውን ሲጀምሩ እነሱው ራሳቸው በእኔ ድምፅ እያስመሰሉ ይሏትና ይስቃሉ። እዚህ ግን አልጽፋትም። ምክንያቱን ስትደርሱበት ታውቁታላችሁ፣ ታገሱኝ።

ነገሩ የአጎቴ የጋሼ ደምሴ ነው። ከመሐል ሜዳ በላይ፣ ጓሳ ጥግ ይኖራሉ፣ የጓሳው ጠባቂዎች አለቃ ናቸው። ለማያውቅ ሰው፣ ጓሳ ሣሩም ነው ሜዳውም፤ ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ሜዳው የሁሉም ስለሆነ ደግሞ ማንም እንደፈለገ አይገባበትም፣ ለዓመታት ይዘጋና ሽማግሌዎች መክረው «ተከፍቷል» ሲሉ ብቻ ማጭድ ይነካዋል። ከዚያ በፊት ያጨደ ይቀጣል። ያሳጨደ ጠባቂ ግን ከቅጣትም የከፋ ነው የሚጠብቀው፣ ከሰንበቴው ይወጣል፣ እሳት አይጫርለትም፣ የሞተ ቀንም ሬሳውን የሚሸከም ጎረቤት አያገኝም። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ይህን ሲያስብ እንዴት እንደሚያድር እናንተው ገምቱት።

አንድ ሐሙስ ጠዋት በቀበሌው ግሩፕ ላይ፣ ከጋሼ ደምሴ አካውንት፣ የድምፅ መልእክት መጣ። ድምፁ የሳቸው ነው፣ ያ ከደረት የሚነሳው ዝግ ያለ ድምፅ፣ «ወገኖቼ፣ ጓሳው ተከፍቷል፣ ማጭዳችሁን ይዛችሁ ውጡ» ይላል። ሰውም ወጣ። ክረምቱ ደርሷል፣ የማን ጣራ አያፈስም? ጋሼ ደምሴ በሌላኛው ጥግ ጥበቃ ውለው ሲመለሱ፣ የአንድ ጋራ ፊት ሙሉ ተላጭቶ፣ ሣሩ እየታሰረ ተከምሮ አገኙት።

እኔ ደብረ ብርሃን ነበርኩ፣ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ስለዚህ ስለ ስልክ ሌባ ትጽፋለህ አሉ» አሉኝ። «ድምፄን ሰርቀውኛል።»

«ቀላል ነገር ነው፣ ጋሼ። ሰሞኑን ቁጥር የያዘ አጭር መልእክት መጥቶልዎት ነበር?»

«መጥቶ ነበር እንጂ፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ እንደወጣን። የሰው ነው፣ መንገድ ስቶ ወደኔ የመጣ።»

«ምን አደረጉት ታዲያ?»

«ምን አደርገዋለሁ? እንደ ደንቡ አስነገርኩት!»

ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ ግድግዳውን አየሁት። እኛ አገር የባዘነች በግ ግቢህ ከገባች፣ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመህ «እንዲህ ያለች በግ የጠፋችበት» ብለህ ታስነግራለህ፣ ዝም ካልክ ሌባው አንተ ነህ። ጋሼ ደምሴም ያንን የማረጋገጫ ኮድ፣ ከሥሩ «ለማንም አትስጡ» የሚል በእንግሊዝኛ የተጻፈበትን፣ እሳቸው በእንግሊዝኛ ስለማይታሙ፣ እዚያው እንደቆሙ ለምእመኑ ሁሉ ጮክ ብለው አነበቡት፣ ደገሙት፣ «የጠፋበት ይምጣና ይውሰድ» አሉ። የጠፋበትም ሰው መጥቶ ሳይሆን ዝም ብሎ በኪሱ ባለ ስልክ ወሰደ ማለት ነው። እመኑኝ፣ ስንት ዓመት ስለዚህ ነገር ሳነብ እንዲህ በሐቀኝነት የተጠለፈ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

ስለዚህ እየሳቅኩ ነው የሄድኩት። በሚኒባስ፣ ሞላሌን አልፌ፣ በልቤ ንግግሬን እያዘጋጀሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የታጨደው ጋራ ሥር፣ አውጫጭኝ ተቀመጠ። በአውጫጭኝ የአገሩ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፣ አጥፊው እስኪወጣ ማንም አይነሳም፣ የሚያውቅ ሰው በግልጽ መናገር ከፈራ ለተመረጡ ሰዎች በጆሯቸው ሹክ ይላቸዋል፣ እነሱም «ወፍ ነገረችን» ብለው ያቀርባሉ እንጂ የማን ቃል እንደሆነ ቢሰቀሉ አይናገሩም። ዛሬ የምስጢር መልእክት ፈለሰፍን እያሉ የሚፎክሩት ጎረምሶች መንዝን ባለማየታቸው አዝናለሁ። የዚያን ቀን ግን ወፏም ዝም አለች።

ጉሙ ወርዶ ነበር። ቀን በቀን፣ ጓሳ ላይ እንደሚወርደው ዓይነት፣ ከፊትህ ያለው ሰው ጋቢ ይሁን ጉም የማይለይበት። ጋሼ ደምሴ ባዶ እጃቸውን መሐል ላይ ቆመዋል፣ ዱላቸውን እንኳ አልያዙም። ዳኛው አቶ አጥናፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ፈረሳቸው ከኋላ ታስሯል። ቀድሞ የተነሳው ተረፈ ነበር፣ የአጎቴን ቦታ ሲመኝ የኖረ ጠባቂ።

«እኔ ብዙ አላወራም» አለ። «የደምሴን ድምፅ እንኳን እኛ በጎቹም ያውቁታል። እሱ ነው የከፈተው፣ በቃ።»

ተነስቼ የኮዱን ነገር አስረዳሁ፣ ያንን ቁጥር የሰማ ሁሉ በሳቸው ስም ሊገባ ይችል እንደነበር።

«የሰማው ማን ነው?» አለኝ ተረፈ።

«እናንተ ሁላችሁ።»

«እንግዲህ ሌባው ምእመኑ ነው በሉና!» ሳቁ እንደ ነጎድጓድ ጋራውን ዞረው።

«አካውንቱስ ይሁን» አሉ አቶ አጥናፉ፣ «ድምፁስ?»

«ድምፅም ዛሬ በማሽን ይሠራል፣ አባቴ። ትንሽ ከተቀዳላቸው የፈለጉትን ያናግሩታል።»

«ሥራና አሳየን ታዲያ!» ጮኸ ተረፈ።

«እዚህ ኔትወርክ የለም።»

«ሲፈለግ የለም! ጓሳ ሲያስከፍት ግን ነበር!»

አሁንም ሳቁ። ጋሼ ደምሴ ብቻ አልሳቁም፣ መሬት መሬቱን ያያሉ። ያኔ ነው ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ የገባኝ፤ እኔ ልክ ነበርኩ፣ ልክ መሆኔ ግን አንድ ጎረቤት እንኳ አላተረፈላቸውም።

«መልእክቱ ይሰማ» ብለው አዘዙ አቶ አጥናፉ። ሐሙስ ዕለት ከግሩፑ ስልኬ ላይ ቀድቼ ይዤው ስለነበር ከትንሿ ስፒከር ጋር አገናኘሁት። ያ ዝግ ያለ ድምፅ በጉሙ ውስጥ ተናገረ፣ «...ማጭዳችሁን ይዛችሁ ውጡ።» እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ ዘግቶ ማጭዱን ፍለጋ የሮጠው። ከዚያ ወዲያ ማንም አላዳመጠም፣ ሊቁን እኔን ጨምሮ። መልእክቱ ግን አላለቀም ነበር። እኔም ልዘጋው ስል አቶ አጥናፉ እጃቸውን አነሱና «ተወው፣ ይፍሰስ» አሉኝ።

መጀመሪያ ንፋስ ነው። ቀጥሎ የብዙ ሰው ትንፋሽ፣ ሰው ተሰብስቦ ዝም ሲል የሚሰማው ዓይነት። ከዚያ ፈረስ አሽካካ፣ መሐሉ ላይ ሳል አቋረጠው። ድምፁ ከስፒከሩ ነው፣ ልብ በሉ። ጥቂት ቆይቶ ከኋላችን የታሰረው የአቶ አጥናፉ ፈረስ አሽካካ፣ መሐሉ ላይ ሳል አቋረጠው።

«አጋጣሚ ነው» አልኩ በልቤ። ፈረስ ብርድ ይመታዋል፣ ያስላል፣ ምን ይገርማል?

ከስፒከሩ ደግሞ ዱላ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ፣ ቀጥሎም አንድ ሽማግሌ «እመ ብርሃን!» ሲሉ ተሰማ። ሰው ዞር ዞር ማለት ጀመረ። ወዲያው ከፊት ረድፍ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዱላቸው ከእጃቸው አመለጠ፣ ድንጋዩን መታ፣ እሳቸውም ዱላውን ሳይሆን ስፒከሩን እያዩ «እመ ብርሃን!» አሉ። ማንም አልሳቀም። ይህ መልእክት ሐሙስ የተላከ ነው፣ ስልኬ ላይ የተቀመጠውም ከሐሙስ ጀምሮ ነው፣ ያለነው እሑድ ነው።

እኔም ተናደድኩ። አልፈራሁም፣ እውነቴን ነው፣ ተናደድኩ፣ አንድ ሰው እያላገጠብኝ ነው ብዬ ያቺን አረፍተ ነገሬን ለሸንጎው ልጥልላቸው አፌን ከፈትኩ። ቃሏ ምላሴ ላይ ሳለች ከስፒከሩ ወጣች። በእኔ ድምፅ። እኔ በምላት አኳኋን፣ መጨረሻዋን ትንሽ ጎተት አድርጌ።

አፌ ተከፍቶ ቀረ። ስልኩን ዘጋሁት። ጉሙ ውስጥ ያለው ፊት ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል።

«ይህ የማን ድምፅ ነው?» አሉ አቶ አጥናፉ።

«የእኔ ነው።»

«መቼ ተናገርከው?»

«አልተናገርኩትም።»

«ልትናገረው ነበር?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ጋሼ ደምሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልናገረው ነበር» አልኩ።

«አሁንስ?»

«አሁን አልናገረውም። ማንም አስቀድሞ በጻፈልኝ ቃል አልናገርም።»

«ይናገራት!» አለ ተረፈ። «ይናገራትና ድምፆቹን እናስተያያቸው!»

«ቁጭ በል» አሉት አቶ አጥናፉ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ። «ያልተናገረን ሰው ድምፅ ይዞ የተገኘ ነገር፣ በደምሴም ላይ አይመሰክርም። ይህ ሰው ያቺን ቃል እስካልተናገረ ድረስ ደምሴ ነፃ ነው፤ ከተናገራት ግን ድምፁ እውነት ይሆናል፣ በደምሴም ላይ ይመሰክራል። ነገሩ ይደር።» ሰውም ጉሙ ውስጥ ገባ። ጋሼ ደምሴ እጄን ይዘው፣ ቤታቸው እስክንደርስ አለቀቁኝም።

አሁን ለእናንተ ማብራሪያ አለኝ፣ እኔ ያለ ማብራሪያ የምኖር ሰው አይደለሁም። አንድ ጎረምሳ ኮዱን ሰማ፣ ገባ፣ የአጎቴን ድምፅ አስመስሎ ሠራ። የእኔም ድምፅ እየተጋበዝኩ በተናገርኩባቸው ሬዲዮዎች ሁሉ ተበትኗል፣ አባባሌንም የሚያውቀው ብዙ ነው፣ ሊያላግጥብኝ ጨመረኝ። በጣም ጥሩ። ፈረሱስ? ዱላውስ? አዲስ አበባ ያለ አንድ የሙያው ሰው ፋይሉን ላክልኝ ብሎኝ ላክሁለት፣ «ሰው ሠራሽ ነው፣ ግልጽ ነው» አለኝ። «ሐሙስ እሑድን ያውቃል?» ብዬ ጠየቅሁት። ሌላ ስልክ እየተደወለለት እንደሆነ ነገረኝ። አንድ አጥማቂ ደግሞ ስልኩን ጠበል እንድነክረው መክረውኛል። ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው፣ ሁለቱንም አላመሰገንኳቸውም።

አካውንቱን ለጋሼ ደምሴ አስመለስኩላቸው፣ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አበጀሁለት፣ ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። እሳቸው አሁንም ጓሳውን ይጠብቃሉ፣ ሰንበቴ ላይ ቦታቸው ቦታቸው ነው፣ ተረፈም ቤታቸው እሳት ሊጭር ይመጣል። ከዚያ መልእክት ያልተሰማ ጭራ ስልኬ ላይ አለ፣ አልከፈትኩትም፣ አላጠፋሁትምም፤ ከፈለገ ሰይጣን ይሁን፣ ከፈለገ ሥራ ፈት ጎረምሳ፣ ቀጥሎ ምን እንደማደርግ ሊነግረኝ አልፈቅድለትም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ጉም በወረደ ቀን፣ ጋሼ ደምሴ ስልካቸውን ቤት ጥለው ጥበቃ በወጡበት ሰዓት፣ ከሳቸው አካውንት አጭር የድምፅ መልእክት ይመጣልኛል። የይለፍ ቃሉን ደጋግሜ ቀይሬዋለሁ። በሳቸው ድምፅ፣ ዝግ ብሎ፣ በፍቅር ነው የሚጠይቀኝ፦ «ልጄ፣ ታምናለህ ወይ?»

የእውነት መልሴ ያቺው ናት። ያቺን ስመልስ ደግሞ አጎቴ ላይ የሚመጣውን ታውቃላችሁ። ይህን ስላነበባችሁ፣ መሐል ሜዳ መናኸሪያም ይሁን ደብረ ብርሃን ካፌ ብታገኙኝ፣ ስለፈለጋችሁት ሀከር አውሩኝ፣ ስደቡኝም። ታምናለህ ወይ ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ።