የዳማ ቃጭል

ንፋስ በሌለበት ማለዳ፣ በዘምሪያ መናገሻ በር ላይ የተሰቀሉት ቃጭሎች ሁሉ በአንድነት ጮኹ። ወዲያው ከበሩ ሥር ካለው የአርጋ ገደል ጥቁር ጉም ተነሣ። ጉሙ የነካው ሰው ባለበት ደርቆ ቀረ፤ ዓይኑ ይንከራተታል እንጂ እግሩ አይነቃነቅም።

ቃጭሎቹ የሹምራዎች ነበሩ። ሹምራ የአንበሳ ጎፈርና የውሻ ልብ ያለው፣ በየቤቱ ከልጅ ጋር የሚያድግ ፍጥረት ነው። የገደለው እጁ ይቆረጣል፤ ሕጉ እንዲህ ይላል። ስለ መተው ግን ሕጉ ምንም አይልም። ስለዚህ የዘምሪያ ጨዋ ሁሉ ያረጀ ሹምራውን ገደል ያወርዳል፣ ቃጭሉን ይፈታል፣ እንዳይከተለውም «ቆይ፣ እመጣለሁ» ይለዋል። ከዚያ ቃጭሉን በሩ ላይ ሰቅሎ፣ እጁን ታጥቦ ምሳውን ይበላል።

የበሩ ጠባቂ ወጣቷ ትርሲት በንጉሥ ሐርዳን ፊት ቆመች። እናቷ ጉሙ ነክቷት ደጃፏ ላይ ደርቃ ነበር።

«ጃንሆይ፣ ጉሙ የተተዉት ሹምራዎች እስትንፋስ ነው። ቆዩ ስለተባሉ ቆመዋል፤ አሁን እኛንም እያቆሙን ነው። መተውም እንደ መግደል ይቀጣ።»

«ሹምራውን ያልገደለውን ሰው ምን ብዬ ልቅጣ? የሚያበላው ያጣ ድሃስ የት ይውደቅ?»

«ያቃተው በሩ ላይ ያስረክበኝ። ዋሽቶ የሄደ ግን ይጠየቅ።»

መኳንንቱ አንገታቸውን ደፉ፤ የእያንዳንዳቸው ቃጭል እዚያ በር ላይ ነበረ። ንጉሡም ጉሙን ካስወገደች ሕጉን እንደሚያጸናላት በዘውዱ ማለ።

አብሯት ለመውረድ የደፈረው አባቷ ዘርጋው ብቻ ነበር፤ ያረጀ ወታደር። አብሯት ያደገውን ሹምራ፣ ዳማን፣ እሷ ታማ በተኛችበት ወቅት ገደል ያወረደው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ዳማ ተነጋግረው አያውቁም። ትርሲት የዳማን ቃጭል ከበሩ አውርዳ አንገቷ ላይ አንጠለጠለች፤ ጉሙም ለድምፁ መንገድ ለቀቀ።

ከገደሉ ግርጌ ሹምራዎቹ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ተኝተዋል። ብዙዎቹ አጥንት ብቻ ናቸው፤ አጥንቶቹም ወደ መንገዱ ዞረዋል። ዳማ በሕይወት ነበር፤ ቆዳና አጥንት ሆኖ። ቃጭሉን አሰረችለት፣ ለመነችው፤ አልተነሣም። እሷን አልፎ አባቷን ያይ ነበር።

ዘርጋው ተንበረከከ። «የዋሸሁህ እኔ ነኝ» አለው እያለቀሰ። «ይኸው መጣሁ። ተነሥ።»

ዳማ ተነሣ። ጉሙ ግን ባለበት ነበረ። በሕይወት የቀሩት ሹምራዎች እየተሳቡ መጥተው ዘርጋውን ከበቡት፤ ትተዋቸው ከሄዱት የተመለሰ እሱ ብቻ ነበርና።

«ልጄ፣ እኔ እዚህ እቀራለሁ። አንድ ሰው እንኳ ከእነሱ ጋር ይጠብቅ። ሕጉ ሲጻፍ የመጀመሪያው ጥፋተኛ እኔ ልሁን፤ የራስሽን አባት ካለፍሽ ማንንም መጠየቅ አትችዪም።»

ትርሲት ልብሱን ይዛ «አባዬ፣ አይሆንም» አለችው። ጣቶቿን ቀስ አድርጎ አላቀቃቸው፤ ከሹምራዎቹም መካከል ተጋደመ። ጉሙም ከከተማዋ ወርዶ እሱንና ሹምራዎቹን ሸፈናቸው።

ከተማዋ ነጻ ወጣች። እናቷ እግሯ እንደተፈታ መጀመሪያ የጠየቀችው ዘርጋው የት እንዳለ ነው። ሕጉ በሩ ላይ ተቀረጸ፤ ከሥሩም የመጀመሪያው ጥፋተኛ ስም። ቅጣቱ በዛ የሚሉ ዛሬም አሉ። ይበሉ።

ከገደሉ ግርጌ ዘርጋው ዳማን ከትርሲት ጋር ሲሸኘው «ሂድ» ብቻ ነበር ያለው፤ እመጣለሁ አላለውም። ዳማ ግን በየምሽቱ በሩ ሥር፣ ፊቱን ወደ ገደሉ አድርጎ ይተኛል።